መልስ፦ የሁለቱ ሴቶች ክስ ለምን ውድቅ ሆነ?

በባልቲሞሩ ዘጋቢ ፊልም («ዘ ኪፐርስ») ላይ ያዩዋቸው ሁለት ሴቶች የካቶሊክ ቄሱን ጆሴፍ ማስኬልን በልጅነታችን ወሲባዊ ጥቃት አድርሶብናል ብለው የከሰሱበት መዝገብ የተዘጋው ፍርድ ቤቱ «ሐሰት ነው» ስላለ ሳይሆን በይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ሕጋዊ የጊዜ ገደብ በማለፉ ምክንያት ነው። ሴቶቹ ጥቃቱ ለዓመታት ከአእምሯቸው ተሰውሮ እንደነበረ ቢያስረዱም፣ ባልቲሞር የምትገኝበት የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ከፍተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 እንዲህ ያለው መሰወር ከተራ መርሳት ስለማይለይ የይርጋውን ጊዜ አያቆምም ሲል ወሰነ። ይህ ንጽጽር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬም ይከነክነኛል።

«አሁንስ?» ላሉት፣ ከጥቅምት 1 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የግዛቱ ሕግ በሕፃናት ላይ ለተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት በሚቀርብ የፍትሐ ብሔር ክስ ላይ የነበረውን የጊዜ ገደብ አንሥቷል። ነገር ግን የባልቲሞር ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ሕጉ ሊጸና ሁለት ቀን ሲቀረው የመክሠር አቤቱታ ስላስገባ፣ በእርሱ ላይ የሚቀርበው የካሳ ጥያቄ ወደ መክሠር ጉዳዮች ፍርድ ቤት ዞሯል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። እኔ ፊልሙን እንደጨረስኩ መነኩሲቷን እህት ካቲ ሴስኒክን የገደላት ቄሱ ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የቄሱ አስከሬን ከመቃብር ወጥቶ የተወሰደው ዲኤንኤ ከግድያው ቦታ ከተገኘው ናሙና ጋር እንዳልተመሳሰለ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተፈጸመው የመነኩሲቷ ግድያ እስካሁን እልባት ስላላገኘ፣ የጥቃቱን ውንጀላና የግድያውን ጥርጣሬ ለየብቻ ይያዟቸው።