«ልጄ ኮሌጅ ቤዝቦል ሊጫወት ነው፤ የብረት ባት ልግዛለት ወይስ የእንጨት?» ላልሽው እህት

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ! ከሐበሻ ቤት እዚህ የሚደርስ ልጅ ብዙ አይደለም። ስለ ባቱ (ስለ መምቻው ዱላ) አንዱ አሉሚኒየም፣ ሌላው ኮምፖዚት፣ ሌላው ደግሞ «እንጨት ካልያዘ ማንም አያየውም» እያለ ግራ እንዳጋባሽ ገብቶኛል። ትልቁ ልጄ በዚሁ መንገድ አልፏል። ታናሹ ሃይስኩል ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመቺውም ከወርዋሪውም በኩል አውቀዋለሁ።

1. ኮቹን ሳትጠይቂ አንድ ዶላር እንዳታወጪ። ብዙ ኮሌጆች ከባት አምራቾች ጋር ውል አላቸው፣ ባቱን ቡድኑ ራሱ ይሰጣል። ልጅሽ ፒቸር ብቻ ከሆነማ ባት ላያስፈልገውም ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በእሱ ቦታ ሌላ ልጅ ነው የሚመታው። ይሄን ለእኛ የነገረን ሰው አልነበረም።

2. ሃይስኩል የሚጠቀምበት ባት «ቢቢኮር .50» የሚል ማህተም (ባቱ ኳሱን የሚያስፈነጥርበትን መጠን የሚገድብ ደረጃ ነው) ካለው ሕጉ አንድ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ኮሌጅ ከ2011፣ ሃይስኩል ከ2012 ጀምሮ በዚሁ ነው የሚሄዱት። ባቱ 33 ኢንች ከሆነ ክብደቱ ከ30 አውንስ ማነስ የለበትም። ይሄን ልጅሽ ያውቀዋል፣ አላደክምሽም።

3. ዋናው ይሄ ነው። «ተፍታቶ የመጣ ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን ኳሱን ያስፈነጥረዋል» የሚልሽን ሻጭ ጥለሽው ውጪ። እኔን የበሉኝ እዚህ ላይ ነው። ኮምፖዚት ባት ከካርቦን ፋይበር ድርብርብ የተሠራ ነው፤ በተመታ ቁጥር ውስጡ እየላላ ይሄዳል፣ ሲላላ ደግሞ ኳሱን ይበልጥ ያስፈነጥራል። አንዳንዶች ይሄ እስኪሆን አይጠብቁም። በሁለት ሮለር መሃል እየጨመቁ ያላሉትና «አዲስ» ብለው ይሸጡታል። እኔም ወደ 400 ዶላር ከፍዬ የገዛሁት እንዲህ ያለውን ነው፤ ሻጩ ስለ ሮለር ትንፍሽ አላለም፣ ማህተሙን በጣቱ እያሳየ «ሕጋዊ ነው» ብሎ ሸኘኝ።

ልጄ ያለው ዲቪዥን 1፣ ማለትም ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት እርከን ላይ ነው። እዚያ ከ2020 ጀምሮ ባቶች ከጨዋታ በፊት ይፈተሻሉ። የባቱን ወፍራም ክፍል መሣሪያ ውስጥ አስገብተው ይጫኑታል፣ ለመጉበጥ ምን ያህል ኃይል እንደፈለገ ቁጥሩ ይወጣል። ያለፈው ስቲከር ይለጠፍበታል። የልጄ ባት ገና ትንሽ ሲጫኑት ጎበጠ። ሰውየው ደግሞ አዙሮ ሞከረው፣ ያው ነው። ምንም ሳይናገር ከአጥሩ ሥር አስቀመጠው። ልጄ ቡድኑ ፊት እንደ አጭበርባሪ ቆመ፣ አንዱ ልጅ እንኳን «ሮል አስደርገህ ነው?» አለው። ይሄ እስከ ዛሬ ያበግነኛል፤ በሕይወቱ ፈተና ላይ እንኳን ኮርጆ የማያውቅ ልጅ ነው። ዕድሜ ለጓደኛው፣ ባቱን አዋሰውና በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ መትቶ ቤዝ ደረሰ!

ሱቁ ስመለስ የተመላሽ ዕቃ ክፍል ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «ኳስ የነካ ባት አንቀበልም» አለኝ። ደረሰኙን ሳሳየው በእጁ ገፋው። አምራቹ ጋ ስደውል ደግሞ ሮል የተደረገ ባት ዋራንቲ የለውም አሉኝ። ስለዚህ አምራቹ በድረ ገጹ ላይ ከዘረዘራቸው ሻጮች ውጪ እንዳትገዢ። ደረሰኙንም ፎቶ አንሺው፣ ቀለሙ ይጠፋል።

እንዲህ ሆኖም ፍተሻውን አልጠላሁትም። ታናሹ ፒቸር ነው ብዬሽ የለ? ከመቺው የሚለየው 60 ጫማ ከ6 ኢንች ነው፣ ወርውሮ ሲያበቃማ ከዚያም ይጠጋል። በ2003 ሞንታና ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ፒቸር በአሉሚኒየም ባት የተመታ ኳስ ራሱን አግኝቶት ሞቷል። ኮሌጆች በ1974 አሉሚኒየም የፈቀዱት እንጨቱ እየተሰበረ ወጪ ስለበዛ ነበር፤ ባቱ ግን ከዓመት ዓመት እየፈጠነ ሄዶ በ1998 የኮሌጆች የዋንጫ ጨዋታ 21 ለ14 አለቀ። ቤዝቦል ነው እኮ! ከ2011 በኋላ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ፣ በ2014 የኮሌጆች ዋንጫ በሚካሄድበት ኦማሃ ላይ በጠቅላላው ውድድር 3 ሆምራን (መቺውን ሁሉንም ቤዝ የሚያዞር ምት) ብቻ ነው የተመታው። ያኔ «ጨዋታውን ገደላችሁት» ብሎ ሲጮህ የነበረ ሰው ብዙ ነው። ባቱን ግን አልነኩትም፣ በ2015 ስፌቱ ዝቅ ያለ፣ ራቅ ብሎ የሚበር ኳስ አመጡ። በእኔ እምነት ትክክል ነው ያደረጉት።

4. እንጨት አያስፈልግም የሚሉሽን አትስሚ። ኬፕ ኮድን የመሰሉ፣ የኮሌጅ ልጆች በሰኔና በሐምሌ የትምህርት እረፍት የሚጫወቱባቸው ሊጎች በእንጨት ነው የሚጫወቱት፣ ትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ ሜጀር ሊግም ከእንጨት ሌላ አያውቅም፤ የሚመለምሉት ሰዎች ልጁን በእሱ ሲመታ ማየት ይፈልጋሉ። ውድ አትግዢ፣ ይሰበራል። ለልምምድ በርች ወይም ሜፕል ይበቃዋል፤ የእኔ ልጅ የባቱን ትክክለኛ መምቻ ቦታ ያገኘው በእንጨት ነው፣ ሲስት እጁን ስለሚያነዝረው ወዲያው ያውቀዋል።

የምን ቦታ ተጫዋች እንደሆነና ቡድኑ ስንተኛ ዲቪዥን እንደሆነ ጻፊልኝ። ኮቹን የምትጠይቂውን ኢሜይል አብረን እናዘጋጀዋለን።