ጃፓን ያደገችው ባህሏን ስለያዘች ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ ማራኪ ግቢ ነው የምማረው። አጎቴ እሁድ እሁድ ቡና ሲፈላ የማይተዋት ወሬ አለችው። «አጤ ቴዎድሮስና ጃፓን የተነሱት በአንድ ዓመት ነው። እነሱ ባህላቸውን ስለያዙ አደጉ፣ እኛ ስለጣልን ቀረን» ይላል። እኔ አልዋጥልህ ብሎኛል፤ ግን መልስ የለኝም። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ አጎትህ ዓመቷን ሊይዛት ትንሽ ነው የቀረው። 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ የተነሱበት ሳይሆን መቅደላ ላይ የወደቁበት ነው፣ ሚያዝያ ላይ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ሾጉን የሚባለው የጦር አለቃ ሥልጣን ቀርቶ በንጉሡ በሜጂ ስም አዲስ መንግሥት የታወጀው በዚያው በ1860 ነው፣ ታኅሣሥ ላይ። እነሱ ሲጀምሩ የእኛው አለቀ። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

የባህሏን ነገር ግን አልቀበልም። ሰዎቹ ያገኙትን አፍርሰዋል እኮ! የመሳፍንቱን ግዛት በ1871 አጠፉት። በ1873 የገበሬ ልጅ ለውትድርና ይመልመል ተባለ። በ1876 ሳሙራይ የሚባለው የባላባት ወታደር ሰይፍ ታጥቆ መውጣት ተከለከለ፣ ቀለቡም ተቆረጠ። በዓመቱ በደቡብ ያለው የሳትሱማ ግዛት ሳሙራዮች ሲሸፍቱ ማን መታቸው? ያው ትናንት ከእርሻ የመጣው ምልምል።

ሳትሱማ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ላንሳ። በ1863 የእንግሊዝ መርከቦች የሳትሱማን ከተማ ካጎሺማን በመድፍ ደበደቧት። ከአምስት ዓመት በኋላ መቅደላ ድረስ የመጣችብን ያችው እንግሊዝ ናት። ሳትሱማዎች ካሳ ከፈሉና በ1865 አሥራ ዘጠኝ ሰው በድብቅ ወደ እንግሊዝ ላኩ፣ ወደ ደበደበቻቸው አገር፣ ተማሩ ብለው። አጤ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው መልስ ሲያጡ ቆንስላውን አሰሩ። እልኽ ነው፣ የእልኹ ምክንያትም ይገባኛል፤ እኔም የጎንደር ልጅ ነኝ። ግን እልኽ መሐንዲስ አያመጣም።

አሁን ወደምወዳት ታሪክ ልምጣ። በ1872 ቶሚዮካ በምትባል ቦታ መንግሥት ትልቅ የሐር ፋብሪካ ከፈተ። ማሽኑም ባለሙያዎቹም ከፈረንሳይ የመጡ ናቸው። ሠራተኛ ሴቶች ሲፈለጉ ግን የሚመጣ ጠፋ። ለምን ብትል፣ ፈረንጆቹ ቀይ ወይን ሲጠጡ ያየ ሰው «የልጃገረድ ደም ይጠጣሉ» ብሎ አስወራ። የፋብሪካው ኃላፊ ኦዳካ ምን አደረገ? የገዛ ልጁን፣ ዩ የምትባለውን የ14 ዓመት ልጅ፣ መጀመሪያ አስገባት። ሌሎቹ እሷን አይተው መጡ።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር አያቴ ትዝ ትለኛለች። ጎንደር አጠገብ ካለችው የሸክላ ሠሪዎች መንደር ከወለቃ የገዛችውን ድስት እያመሰገነች ወጥ ትሠራበታለች፤ የሠራችውን ሴት ግን ዓይኗን ትፈራለች። ማረሻውን እንወዳለን፣ ቀጥቃጩን ቡዳ እንላለን። ስለዚህ ለአጎትህ «መጣል የነበረብንን ባህል እኮ ነው የያዝነው» በለው።

ቴዎድሮስ ይህን ሳይረዱት አልቀሩም። ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያኑን መድፍ አሠሯቸው፣ ወጣቶችም እዚያው ይማሩ ነበር። ሴባስቶፖል የወጣችው ከዚያ ነው። ችግሩ ገንዘብ ነው። ጃፓን በ1873 በመሬት ዋጋ ላይ በዓመት 3 በመቶ ግብር በጥሬ ገንዘብ ጣለች፤ ትምህርት ቤቱም፣ ጦሩም፣ የፈረንጅ ደመወዙም በዚያ ተከፈለ። ቴዎድሮስ የቤተ ክህነትን መሬት ሊነኩ ሲሉ ከካህናቱ ተጣሉ፣ ሠራዊታቸው በዘረፋ አደረ፣ በመጨረሻም በ1866 ጎንደርን ራሷን አቃጠሏት። ይህን ለጎንደሬ ማስረዳት አያስፈልግም።

ግን አጎትህ ጃፓንን እንደ ጻድቅ የሚያነሳት ከሆነ፣ ቆይ በለው። ግብሩ ከገበሬው ጉሮሮ ነው የወጣው፣ አመፅም አስነስቷል። ከዚያ ደግሞ ወደ ጎረቤት ዞሩ። በ1895 ቻይናን አሸንፈው ታይዋንን ወሰዱ፣ 200 ሚሊዮን ታኤል (የቻይና የብር መመዘኛ ነው) ካሳም አስከፈሉ፤ በ1901 ሥራ የጀመረው የያዋታ ብረት ፋብሪካ ከዚያ ገንዘብ ደርሶታል። በ1905 ሩሲያን ድል አደረጉ። በ1910 ኮሪያን ጠቅልለው ያዙ፣ ኋላም ኮሪያውያኑን ስማቸውን ወደ ጃፓንኛ ቀይሩ እስከ ማለት ደረሱ። ፈረንጅ ሲያስፈራራቸው ያዩትን ሁሉ እነሱም በሌላው ላይ አደረጉት።

የእኛ ምሁራን ያኔ ይህን ጎን ብዙም አላዩትም። ከአድዋ በኋላ ሩሲያን ያሸነፈ እስያዊ ማየት ደስ ይላል፣ አይፈረድባቸውም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተቀዳው በብዛት ከጃፓኑ የ1889 ሕገ መንግሥት ነው። በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ቶኪዮ ድረስ ሄደው በክብር ተቀበሏቸው። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ጣሊያን አገራችን ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ጃፓን ለወረራው ዕውቅና ሰጥታ አዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን፣ ማለትም የዲፕሎማት መሥሪያ ቤቷን፣ ወደ ቆንስላ ዝቅ አደረገችው። በለውጡ ጣሊያንም ጃፓን ማንቹሪያ በሚባለው የቻይና ግዛት ላይ ላቆመችው መንግሥት በ1937 ዕውቅና ሰጠላት።

እሁድ ቡናው ሲፈላ ይህችን የመጨረሻዋን ንገረውና ምን እንዳለ ጻፍልኝ።