የት እንፈልግ? ለጀማሪ የአርኪዮሎጂ ተማሪዎች

ልጆቼ፣ የጥንት ቅርስ ፍለጋ ስትወጡ አስቀድማችሁ ሦስት ነገሮች የሚገጥሙበትን ቦታ ምረጡ፦ ሰው የኖረበት፣ የተወውን ነገር አፈር ቶሎ የሸፈነበት፣ ዛሬ ደግሞ ያ አፈር እየተሸረሸረ ያለበት። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ይወጣል። ወንዝ አለ፣ ለጥ ያለ ሜዳ አለ፣ እንግዲህ ሰው ነበረ ይላል። ኖሮም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አምስት ሜትር ደለል ከተኛበት በእግር ዞራችሁ አታገኙትም።

አፋር ውስጥ ሐዳርና ጎና ብዙ ነገር የሰጡን ሦስቱም ስለገጠሙ ነው። ጥንት ወንዝና ሐይቅ ደለል ያነጠፉበት አገር ዛሬ በቦረቦር ተቆራርጧል። በየመሃሉ የገባው የእሳተ ገሞራ አመድ ደግሞ ዕድሜ ለመለካት ያግዛል፤ የጎና የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆናቸው የታወቀው በእንዲህ ያለ ንብርብር እገዛ ነው። መልካ ቁንጡሬ ላይ ሌላ ጥቅም ተጨምሯል፤ ከአዋሽ ዳር ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተራመዱ ባልጩት (መስታወት የመሰለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እንደ ልብ ይገኛል። መሣሪያ የሚሠራበት ድንጋይ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ መስክ አትውረዱ።

የመጀመሪያው ሥራ ጠረጴዛ ላይ ነው። የ1፡50,000 ካርታ፣ የአካባቢውን የጂኦሎጂ ካርታና የሳተላይት ምስል ጎን ለጎን ዘርጉ። ከምትፈልጉት ዘመን በኋላ ቅልጥ ድንጋይ የፈሰሰበትን፣ ወፍራም አዲስ ደለል የተኛበትን ሰርዙ። ቦረቦሮችን፣ መንገድ የቆረጣቸውን ገደሎች፣ የድንጋይና የአሸዋ ማውጫዎችን ምልክት አድርጉ፤ እዚያ መሬቱ ራሱን ከፍቶላችኋል።

ወቅትም ቦታን ይመርጣል። ደጋው ላይ በክረምት ሣርና ሰብል ሁሉን ይሸፍናል፤ አዝመራ ከተነሣ በኋላ ግን፣ በተለይ የታረሰ ማሳ አንድ ሁለት ዝናብ ሲያጥበው፣ ገልና ፍንካች (መሣሪያ ሲሠራ ከድንጋይ የተፈነከተ ስባሪ) ፍንትው ብሎ ይወጣል። ጠዋት ፀሐይዋ ከፍ ሳትል ሂዱ፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ስለማይኖር ባልጩቱም ጠጠሩም አንድ ይመስላል። መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) መሬት ላይ ተጠንቀቁ። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ዕቃውን ወደ ታች ይውጣል፣ ወደ ላይም ይገፋል። ስለዚህ ላዩ ባዶ መሆኑም፣ በዕቃ መሞላቱም ብቻውን አይታመንም።

በአክሱም ዘመን መንደር ፍለጋ ምልክቱ ሌላ ነው። ቤት ፈርሶ በላዩ ቤት ሲሠራ መሬቱ ጉብታ ይሆናል፤ ከየሓ ብዙም ሳይርቅ የተገኘችው ቤተ ሰማዕቲ እንዲህ ያለ ጉብታ ናት፣ ከውስጧም ባዚሊካ (ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን) ወጥቷል። ገበሬው ከማሳው ለቅሞ የከመረውን ድንጋይ፣ የአጥሩንና የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ እዩ፤ ጥርብ ድንጋይ ካለ ከቅርብ ነው የመጣው። ከገሉ ውስጥ አፍና እጀታ ፈልጉ፤ የሆድ ስባሪ ብቻ ዘመን አይነግርም፣ ትናንት የተሰበረ ጀበናም ሊሆን ይችላል። የሚያርሰውንና ከብት የሚጠብቀውን ሳትጠይቁ ደግሞ አትለፉ፤ ማረሻው የት እንደሚጋጭ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ስትራመዱ በመካከላችሁ ከ5 እስከ 10 ሜትር ተራራቁ፤ መስመራችሁን ጠብቁ፤ ያገኛችሁበትን ብቻ ሳይሆን ባዶውንም መዝግቡ። ባዶው ካልተጻፈ፣ ያልታየውና ታይቶ የታጣው አይለይም።

አሁን ዋናው ነገር። ፍንካች ስታገኙ እዚያው መቆፈር አያምራችሁ፤ ከላይ የወረደ ሊሆን ይችላል። ጠርዙን እዩ። ስለት ከሆነ ብዙ አልተጓዘም፤ ጠርዙ ዶልዱሞ ገጹ ከለሰለሰ ውኃ አንከባሎታል። ከዚያ ተዳፋቱን ወደ ላይ እየተከተላችሁ ውጡ፤ ብዛቱ በድንገት የሚቋረጥበት መስመር ላይ ቁሙ። ከዚያ በላይ አንድም ከሌለ፣ ዕቃው እየወጣ ያለው ከዚያችው ንብርብር ነው። አፈሩ ውስጥ ገና ተቀብሮ ጠርዙ ብቻ የሚታይ አንድ ቁራጭ፣ ከታች ከተበተነው መቶ ይበልጣል፤ አትንቀሉት፣ መለኪያ አኑራችሁ ፎቶ አንሡት፣ ቦታውን በጂፒኤስ ያዙ።

የሚያታልሉም አሉ። ወንዝ ያጋጨው ድንጋይ አንድ ሁለት ቦታ ይፈነከታል፤ የሰው እጅ ግን ምቱ ያረፈበትን እብጠት፣ ተከታታይና አቅጣጫ ያለውን የፍንካች ጠባሳ ይተዋል። በደቡብ ደግሞ፣ ኮንሶንና ጋሞን በመሰለ አገር፣ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ በድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ ኖረዋል፤ የቤት ጓሮ ላይ የተገኘ መፋቂያ የአያታቸው ሊሆን ይችላል። ይህ የሚናቅ አይደለም፤ ራሱን የቻለ የጥናት ሀብት ነው።

ምርጫችሁ ደግሞ ዓይናችሁን እንዳያጠበው። ባሌ ተራሮች ላይ ፊንጫ ሀበራ የተባለው የድንጋይ መጠለያ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ብርድ ስለሆነ ሰው አይኖርበትም ተብሎ ሊሰረዝ የሚችል ቦታ ነበር፤ ሆኖም ከ47,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰዎች ይመላለሱበት ነበር። የመረጣችኋቸውን ቦታዎች ካያችሁ በኋላ ከሰረዛችኋቸውም ጥቂቶቹን በዕጣ አውጥታችሁ እዩ።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ለመፈለግ ፈቃድ ከቅርስ ባለሥልጣኑ መያዝ ግዴታ ነው፤ ከዚያ ወረዳው፣ ቀበሌው፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆነም የደብሩ አስተዳዳሪ ይወቁ። ያገኛችሁበትን ነጥብ ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ፤ ሌባ ካርታ ማንበብ ይችላል።