ከቴሌግራም የወረደ መጠይቅ «በሽተኛ ነሽ» አሰኘኝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ትዳር ከያዝኩ አራት ዓመት ሆነኝ፤ የሰባት ወር ልጅ አጠባለሁ። ባለቤቴ ዐሥር ጥያቄ ያለው «የወሲብ ፍላጎት መለኪያ» ከቴሌግራም አውርዶ፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አስሞላኝ። ከ40 ነጥብ 11 ሲመጣ «በሽተኛ ነሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈናል። እውነት ታምሜ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያ ቁጥር በሽተኛ አያሰኝሽም። የወሲብ ፍላጎት በመጠይቅ ይለካል፤ መለኪያው ግን አስቀድሞ ራሱ የተፈተነ መሆን አለበት።

ከላክሽልን ዐሥር ጥያቄዎች አንዱን እንይ፦ «ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ግንኙነት ፈጸማችሁ?» ይህ የሚጠይቀው ድርጊትን እንጂ ፍላጎትን አይደለም። እየፈለጉ፣ አማት ከመጋረጃው ማዶ ስለተኙ የሚተዉ አሉ፤ ሳይፈልጉ፣ ባል እንዳይከፋው ብለው የሚፈጽሙም አሉ። ወሩ ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ከሆነማ ነጥቡን ያወረደው ጾሙ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሞ በብዙ አገር የሚሠራበት የሴቶች መጠይቅ 19 ጥያቄ አለው፤ ስለ ፍላጎት የሚጠይቁት ግን ሁለት ብቻ ናቸው፦ ባለፉት አራት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ተሰማሽ? ምን ያህልስ ብርቱ ነበር?

አስተማማኝ መጠይቅ እንዲሁ ተተርጉሞ አይበተንም። አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይተረጉመዋል፤ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ከዚያ የደሴውም የሐይቅ ከተማውም የገጠሩም ሰው «ከዚህ ጥያቄ ምን ተረዳህ?» እየተባለ ይጠየቃል። ቀጥሎ ብዙ ሰው ለብቻው፣ ስሙን ሳይጽፍ ይሞላዋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲደገም ውጤቱ መቀራረብ አለበት። የጥያቄዎቹን መስማማት የሚያሳየው ክሮንባክ አልፋ የተባለው ቁጥር ደግሞ ቢያንስ 0.70 እንዲሆን ይፈለጋል። እሱም ብቻውን አያሳምንም፤ ያንኑ ጥያቄ በዐሥር መልክ እያገላበጡ ቢጠይቁም አልፋው ከፍ ይላል። ባል አጠገብ ተቀምጦ ሲሞላማ የሚለካው ይሉኝታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ማኅበር መመሪያም የሴት ፍላጎት ማነስን ሕመም የሚለው 6 ወር ያህል ሲቆይና እሷን ራሷን ሲያስጨንቃት ነው። የባል ቅሬታ ብቻውን አይበቃም።

አንቺ ደግሞ ታጠቢያለሽ። በዚህ ጊዜ ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ሆርሞን ፕሮላክቲን ከፍ፣ የሴት ሆርሞኑ ኤስትሮጅን ዝቅ ይላል፤ ብልት ሊደርቅና ግንኙነት ሊያም ይችላል። ሕመም ያለበትን ነገር ማን ይናፍቃል? የሌሊቱን እንቅልፍ ማጣት ጨምሪበት።

ያንን መጠይቅ ተዉት። ሁለታችሁም በየግል ወረቀታችሁ ጻፉ፦ ፍላጎት ባለፉት አራት ሳምንታት ውስጥ መቼ መጣ፣ ከመምጣቱ በፊት ምን ነበር፣ ምን አጠፋው፣ ጉዳዩ እኔን ምን ያህል ያስጨንቀኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የፊተኛውን ሳታዩ ድገሙት። ልጁ ሲተኛ ቡና ላይ ተነጋገሩ፤ ነጥብ አታወዳድሩ፣ «ምን አጠፋው» ከሚለው ጀምሩ። ባለቤትሽም መጻፉ ግድ ነው፤ የሁለት ሰው ፍላጎት አለመገጣጠም የአንዱ በሽታ ተደርጎ አይቆጠርም።

ሕመም ካለ፣ ወይም ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ሆስፒታል ሂጂ። የምታጠቢ መሆንሽንና የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች፣ የወሊድ መከላከያውንም ጨምረሽ፣ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።