ከፈረሰ በረት የወጣ ጣውላ ስንት ያወጣል?

ጠያቂያችን ለጠረጴዛና ለመደርደሪያ የሚሆኑ፣ ከፈረሰ አሮጌ በረት የወጡ 40 ጣውላዎች ሊገዙ ነው። እያንዳንዱ ጣውላ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ አንድ ፊቱ በፀሐይና በዝናብ ግራጫ ሆኗል። ስድስቱ ሲንኳኩ ከጠባብ ቀዳዳዎች ነጣ ያለ ዱቄት ያራግፋሉ። ሻጩ ሚስማሩ በሙሉ እንደተነቀለ ተናግሮ የአዲስ ጣውላ ዋጋ ጠይቋል።

በዚህ ዋጋ አይግዙ። ደብዳቤዎን ሳነብ ቀልቤን የሳበው ዱቄቱ ነው። ቀዳዳው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ከሆነና ዱቄቱ በጣት ሲታሽ የሚልም ከሆነ፣ ውስጡ በሕይወት ያለ ነቀዝ ሊኖር ይችላል። ለማረጋገጥ ስድስቱን በጥቁር ወረቀት ላይ አስቀምጠው ሁለት ሳምንት ሳይነኳቸው ይቆዩ፤ ማንም ሳያንኳኳቸው አዲስ ዱቄት ከተጠራቀመ ነቀዙ እየሠራ ነው። እንዲህ ያለው እንጨት እስከ መሃሉ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ይህን የሚያደርግልዎ ከሌለ ግን ከሂሳብ ያውጧቸው፣ ከሌላው እንጨትም ጋር አያከማቹ።

ቀሪዎቹ 34 ጣውላዎች ሲሆኑ፣ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው የእነዚህን ስሌት ነው። አንዱ ጣውላ እንዳለ ሲለካ 0.015 ሜትር ኩብ ነው። ሆኖም ጫፎቹ ስለተሰነጠቁ ከየጫፉ 20 ሴንቲሜትር ይቆረጣል፤ ርዝመቱ 2.6 ሜትር ይሆናል። የበሰበሰና የተጎረደ ጠርዝ ሲስተካከል ወርዱ 17 ሴንቲሜትር፣ ግራጫው ፊትና ጠመዝማዛው ሲላግ ደግሞ ውፍረቱ 2 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሦስቱን ሲያባዙ 0.0088 ሜትር ኩብ ያህል፣ ማለትም 59 በመቶ ብቻ ይቀራል። ከእያንዳንዱ ልኬት የሚቀነሰው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቅናሾቹ እርስ በርስ ስለሚባዙ ብክነቱ ከሚገመተው በላይ ነው። በ34 ጣውላ ሲባዛ 0.3 ሜትር ኩብ ገደማ ያገኛሉ፤ ይህም ሻጩ ከሚያስከፍልዎ 0.6 ሜትር ኩብ ግማሹ ነው። አዲስ ጣውላም ሲላግ ስለሚቀንስ፣ ለእርሱም ተመሳሳዩን ስሌት ሠርተው የተጣራውን ከተጣራው ያወዳድሩ። ግራጫውን ፊት ሳይላግ ለግድግዳ ልባስ ቢፈልጉት ኖሮ ዋጋው በካሬ ሜትር ተሠልቶ ከአዲሱም ሊበልጥ ይችል ነበር፤ እርስዎ ግን ልገው ለሚጥሉት ፊት ሊከፍሉ አይገባም።

ሚስማሩ ተነቅሏል መባሉን እኔ አላምንም። ርካሽ ሚስማር ሲጎተት አናቱ ይቆረጥና ቀሪው አካሉ እንጨቱ ውስጥ ይቀራል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቀድሞ የነካው ሰው አናቱን በግራይንደር ቆርጦ ቦታውን በስቱኮ መድፈኑ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ንጹህ ነው የተባለ ጣውላ ገዝቼ፣ በስቱኮ ሥር የተደበቀ ሚስማር የመላጊያ ማሽኔን ሦስቱንም ቢላዎች ሸርፎብኛል። ብረት ለዓመታት የተቀመጠበት እንጨት ብዙውን ጊዜ ዙሪያው ጥቁር ሰማያዊ ክብ ያወጣልና ያንን ይፈልጉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ጣውላ በሁለቱም ፊትና በጠርዞቹ ጠንካራ ማግኔት ወይም የብረት መፈለጊያ ሳያሳልፉበት ወደ መጋዝም ሆነ ወደ መላጊያ አያስገቡ፤ የዓይን መከላከያም ያድርጉ። ማግኔት ናስና አሉሚኒየም እንደማይዝ አይዘንጉ። አሮጌ ቀለም ያለበትን ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት።

ቀጥሎ የጉልበቱን ወጪ ያስሉ። በጉጠት ከሁለት ጣውላ ሚስማር አውጥተው የፈጀብዎትን ሰዓት ይመዝግቡ፤ በ17 ሲያባዙት የ34ቱን ያገኛሉ። የዚህን ሰዓት የእጅ ዋጋ፣ ቢላ የመሳልና የማጓጓዣ ወጪ ከተጣራው እንጨት ዋጋ ላይ ይቀንሱ፤ የሚቀረው እርስዎ ሊያቀርቡ የሚገባዎት ከፍተኛው ዋጋ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ከክምሩ መሃል አምስት ጣውላ በራስዎ መርጠው እንዲልጉ ሻጩን ያስፈቅዱ፤ 59 በመቶ ያልኩት በዚያ ይረጋገጣል ወይም ይታረማል። ከእነዚያ አምስቱም አንዱን እንኳ ማግኔት ሳያሳልፉ ማሽን ውስጥ አያስገቡ።