የሠራዊት ገጽ ተጠለፈ ሲባል ምን ማለት ነው? ጠይቁኝ

የአንድ አገር ጦር ገጽ ሃክ ተደረገ በተባለ ቁጥር «ሚስጥሩ ሁሉ ወጣ» የሚል ወሬ ይነዛል። ሥራዬ ሳይበር ደህንነት ነውና ጥያቄያችሁን ወርውሩ።

ጥያቄ፦ የጦሩ ትዊተር (አሁን ኤክስ የሚባለው) ከተያዘ ኔትወርኩም ተያዘ ማለት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ገጹ ያለው የኩባንያው የኤክስ ሰርቨር ላይ ነው፣ የጦሩ ሚስጥር ደግሞ ሌላ መረብ ላይ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2015 ሳይበር ካሊፌት ነኝ ያለ የአይሲስ ደጋፊ ቡድን የአሜሪካን ማዕከላዊ ዕዝ (የመካከለኛው ምሥራቅን ኦፕሬሽን የሚመራውን ሴንትኮምን) ትዊተርና ዩቲዩብ ያዘ፣ ወታደሮቹን «እየመጣን ነው» ብሎ አስፈራራ፣ ሰነድም ለጠፈ። ሲጣራ አብዛኛው ሰነድ ድሮም ኢንተርኔት ላይ የነበረ ነው። ኦባማ ደግሞ በዚያው ሰዓት ስለ ሳይበር ደህንነት ንግግር ላይ ነበሩ፤ አጋጣሚው ያስቃል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራው?

መልስ፦ ሰው ማመኑ። በጁላይ 2014 የእስራኤል ጦር ትዊተር ላይ «ዲሞና የኒውክሌር ጣቢያ በሁለት ሮኬት ተመትቷል፣ ጨረር ሊያፈስ ይችላል» የሚል ወጣ። ውሸት ነው፤ የሶሪያ ኤሌክትሮኒክ ጦር የሚባለው፣ የአሳድ ደጋፊ የሃከሮች ቡድን ሥራ ነበር። ይኸው ቡድን በ2013 በዜና ድርጅቱ አሶሺየትድ ፕሬስ ገጽ ዋይት ሃውስ ውስጥ ፍንዳታ ደረሰ ብሎ ሲጽፍ የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ ለደቂቃዎች አሽቆልቁሏል። የአንድ ዜና ድርጅት ገጽ ይህን ካደረገ፣ ጦርነት መሃል ያለ ጦር ገጽ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ጥያቄ፦ ሁሌ ፖለቲካ ነው?

መልስ፦ ኧረ ብርም አለ! በጁላይ 2022 የእንግሊዝ ጦር ትዊተር የኤንኤፍቲ (በኢንተርኔት የሚሸጥ የዲጂታል ምስል) ማስተዋወቂያ ሆነ፣ ዩቲዩቡ ደግሞ የቢሊየነሩን የኢሎን መስክን ምስል ይዞ የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ማጭበርበሪያ። ሌባው የፈለገው ተከታዩን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የሚገቡት?

መልስ፦ እዚህ ላይ ፊልም አትጠብቁ። «አካውንትዎ ሊዘጋ ነው፣ እዚህ ይግቡ» የሚል ኢሜይል ይመጣል፣ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ተቻኩሎ ፓስወርዱን ራሱ ይሰጣል። አንዱን ፓስወርድ አምስት ሰው ይጋራዋል፣ ሥራ የለቀቀውም ጭምር። ፖስት በሰዓት የሚለቅ ሌላ አፕ ከገጹ ጋር ተያይዞ ይረሳል፣ በእሱ በኩል ይገባሉ። የስልክ ኩባንያውን አታልለው ቁጥሩን ወደ ራሳቸው ሲም ያዞሩታል፣ ከዚያ የማረጋገጫ ኮዱ የሚደርሰው ለእነሱ ነው። በጃንዋሪ 2024 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤክስ ገጽ የተያዘው በዚሁ በሲም ዘዴ ነው፣ ያውም ሁለተኛው ማረጋገጫ (ከፓስወርድ ሌላ የሚጠየቀው ኮድ) ተዘግቶ ሳለ።

ጥያቄ፦ «ተጠልፈን ነው» ሲሉስ እንመን?

መልስ፦ ሃሃ፣ ቆይታችሁ። በ2020 ፎርት ብራግ ከተባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ገጽ ጸያፍ ነገር ወጣ። ተጠልፈናል ተባለ። በማግስቱ የጻፈው የራሳቸው ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። በ2021 ደግሞ ኒውክሌሩን የያዘው የስትራቴጂ ዕዝ ትርጉም የሌለው የፊደል ድርደራ ለጠፈ። ሰው ሚስጥራዊ ኮድ ነው ሲል፣ ለካ ከቤት የሚሠራው የገጹ ኃላፊ ሕፃን ልጅ ኪቦርዱን ነካክቶ ነው!

ጥያቄ፦ መከላከያ ዘዴውስ?

መልስ፦ የኤስኤምኤስ ኮድ ከምንም ይሻላል፣ ግን ለእንዲህ ዓይነት ገጽ አይበቃም። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የደህንነት ቁልፍ ይግዙ፤ የውሸት ገጽ ላይ ስለማይሠራ አታላዩ ሊጠቀምበት አይችልም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ መግቢያ፣ የለቀቀውን በዚያው ቀን ማስወጣት። ገጹ የተከፈተበትን ኢሜይልም እንዲሁ ቆልፉ፣ እሱ ከተያዘ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ እኔ ተራ ሰው ነኝ፣ ማን ይፈልገኛል?

መልስ፦ ጓደኞችህ ያምኑህ የለ? በስምህ «ቸግሮኛል፣ ብር ላኩልኝ» ቢባሉ ስንቱ ይልካል?