የሰርቨሩን ቁልፍ የያዘ ሰው ገንዘቡንም አይያዝ

ከኮምቦልቻ የጻፍከው ወንድማችን፣ ሰላም ነህ? ጥያቄህን በአጭሩ ልድገመው፣ ሌሎቹም እንዲከታተሉን። 60 የሚሆኑ ልጆች የሚጫወቱበት የማይንክራፍት (በብሎክ የሚገነቡበት የኮምፒውተር ጨዋታ) ሰርቨር፣ ማለትም ሁሉም የሚገናኙበት ኮምፒውተር፣ አለህ። የሰርቨሩን ኪራይ ውጭ ያለ የአክስትህ ልጅ በካርዱ ይከፍልልሃል። አሁን በውስጡ ቦታ መሸጥ፣ ራንክ (በጨዋታው ውስጥ የሚሰጥ ማዕረግ) መሸጥ፣ ልጆቹ የጨዋታውን ኮይን አስቀምጠው ወለድ የሚያገኙበት ባንክ መክፈት አስበሃል። «አንድ ነገር ቢበላሽ ኃላፊው እኔ ነኝ ወይስ የጨዋታው ድርጅት?» ብለሃል።

ኃላፊው አንተ ነህ። ላስፈራራህ ብዬ አይደለም። በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው።

በ2015 ነሐሴ ላይ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ጌም ቤት ነበረችኝ። ስምንት ኮምፒውተር። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ የጦሳ ተራራ ጉም ከተማው ላይ ወርዶ ተኝቷል። ልጆቹ ስልካቸው ላይ የለመዱት ጨዋታ ሁሉ ቀረባቸው። እኔ ጋ ግን ኢንተርኔት የማይፈልግ ነገር ነበር። ኮምፒውተሮቹን በላን፣ ማለትም በቤት ውስጥ ኔትወርክ፣ አገናኝቼ አንዱን ሰርቨር አደረግኩትና ባዶ ሜዳ ላይ ከተማ ጀመርን። ገበያ ሠራን፣ ስሙንም ሰኞ ገበያ አልነው። መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ተሠራ፤ ማንም ሳያዛቸው ሁለቱንም የሠሩት አንድ ላይ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ወረፋ የሚይዙት ልጆች ከኮምፒውተሮቹ ብዛት አምስት እጥፍ ሆኑ።

መጀመሪያ ላይ ለቦታ የሚከፈል ነገር አልነበረም፤ የሰዓቱን ብቻ ነበር የሚከፍሉኝ። ከዚያ ገበያው አጠገብ ያለውን ቦታ ሁሉም ፈለገው። ጠብ መጣ። እኔም 20 በ20 ብሎክ እየለካሁ አንዱን ቦታ በ150 ብር መሸጥ ጀመርኩ። ጥሬ ብር የሌለው በቴሌብር ይልክልኛል፤ *127# ያለ ዳታም ስለሚሠራ ችግር አልነበረም። 31 ቦታ ሸጥኩ።

ከገዢዎቹ አንዱ የሆጤ ሰፈር ልጅ ነው። ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። ሦስት ቦታ ገዝቶ አገጣጠመና የደሴውን የድሮ አይጠየፍ አዳራሽ በብሎክ መሥራት ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ ድረስ በእግሩ እየሄደ መስኮት ቆጥሮ ይመጣል። በደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ላይ በእርሳስ ይስለዋል፣ ከዚያ ወንበሩን ስቦ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይሠራል። ጣሪያውን ሦስት ጊዜ አፍርሶ ሦስት ጊዜ ሠራው። ሌሎቹ ልጆች ጨዋታቸውን ትተው ከኋላው ቆመው ያዩት ነበር።

ጥር ላይ አንድ ቀን መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሄደ። የሰርቨሩ ሃርድ ዲስክ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ሲበራ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ በቃ። ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ ነበረኝ። ግን ባክአፑ እዚያው ዲስክ ላይ፣ ሌላ ፎልደር ውስጥ ነበር።

ለልጆቹ «ይቅርታ፣ አዲስ ከተማ እንጀምራለን» አልኳቸው። አብዛኞቹ እሺ አሉ። በሦስተኛው ቀን የዚያ ልጅ እናት መጡ። በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ከ127 የመጣው መልእክት ተከፍቷል። 150 ብር፣ በእኔ ስም። ከሥሩ ሌላ 150። ከሥሩ ሌላ 150። ልጁ የላከው ከእናቱ ስልክ ነበር። ያኔ ሲከፍለኝ ገንዘቡን ከየት አመጣኸው ብዬ አልጠየቅኩትም።

«ልጄ፣ ይሄ ገንዘብ ምን ገዛ?» አሉኝ።

«ቦታ» አልኳቸው።

«ቦታው የት ነው?»

የምመልሰው ጠፋኝ። ኮምፒውተሩን እንኳን ከፍቼ ላሳያቸው አልችልም። ልጁ ከኋላቸው ቆሟል፣ ደብተሩን ይዟል። ስለ ገንዘቡ አንድም ነገር አላለም። «አዳራሹ ይመለሳል?» ነው ያለኝ።

ገንዘቡን ለ31ዱም ቦታ መለስኩ። 4,650 ብር ነው። ብዙ አይመስልም፣ ግን ብሩ እጄ ላይ አልነበረም፤ ለቤት ኪራይ ከፍዬበታለሁ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። አዳራሹን ግን መመለስ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ዓለም እንዴት እንደሆነ ማንበብ የጀመርኩት። አንተም ብታውቃቸው የሚጠቅሙህን ልንገርህ።

ሰከንድ ላይፍ የሚባለው ዓለም በ2003 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ሰዎች በእውነተኛ ዶላር መሬት እየገዙ መነገድ ጀመሩ። በ2006 አንድ የፔንሲልቬኒያ ጠበቃ አካውንቱ ተዘጋበት፤ ድርጅቱ መሬቱን የገዛህበት መንገድ ትክክል አይደለም አለው። የገዛው ሁሉ አብሮ ሄደ። ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2007 የድርጅቱ ውል በጣም ወደ አንድ ወገን ያደላ ነው ብሎ በፍርድ ቤት የመታየት መብቱን ጠበቀለት፣ በመጨረሻም ተስማምተው ጨረሱ። እሱ ጠበቃ ስለሆነ ነው። የሆጤው ልጅ እናት የት ይከሳሉ?

ስለ ባንኩ ሐሳብህ ደግሞ ይህን ስማ። እዚያው ሰከንድ ላይፍ ውስጥ ጊንኮ ፋይናንሻል የሚባል ባንክ ነበር። ባለቤቱ ተጫዋች ነው። በዓመት ከ40 በመቶ በላይ ወለድ እከፍላለሁ ይል ነበር። በ2007 ሐምሌ ድርጅቱ ቁማር ከለከለ፣ ሰው ደነገጠ፣ ሁሉም ገንዘቡን ሊያወጣ ተሰለፈ። ነሐሴ ላይ ባንኩ ወደቀ። 750,000 ዶላር ገደማ የሚያወጣ የሰው ገንዘብ ቀልጦ ቀረ። ድርጅቱ ከወራት በኋላ፣ በጥር 2008፣ የመንግሥት ፈቃድ የሌለው ሰው ወለድ እከፍላለሁ ብሎ ተቀማጭ እንዳይሰበስብ ከለከለ። የጠፋው ግን ጠፋ።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ የኢቭ ኦንላይኑ ነው። የአይስላንድ ድርጅት የሠራው የጠፈር ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ ኢባንክ የሚባል ባንክ አቋቋሙ። በ2009 እ.ኤ.አ. ባንኩን የሚመራው ሰው 200 ቢሊዮን የጨዋታውን ገንዘብ አውጥቶ ሸጠውና 6,300 የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ አገኘ። ለቤት ቅድመ ክፍያና ለልጁ ሕክምና ነው የፈለገው። ድርጅቱ አባረረው። ያባረረው ግን ስለሰረቀ አይደለም! በጨዋታው ሕግ መስረቅ ይቻላል። የተባረረው የጨዋታውን ገንዘብ በእውነተኛ ገንዘብ ስለሸጠ ነው። ያንን ሳነብ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ድርጅቱ የሚጠብቀው የራሱን ሕግ ነው። ባንኩን አምነው ያስቀመጡትን ሰዎች የሚጠብቅላቸው የለም። ሰውየው ደግሞ ሌባ ሆኖ የተፈጠረ አይመስለኝም። የቸገረው አባት ነው። የካዝናው ቁልፍ እሱ ጋ ነበር፣ የሚያየው ሰው አልነበረም። እኔም እኮ የልጆቹን ብር ለቤት ኪራይ ያዋልኩት እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ባንኩን እርሳው። ኮይኑ ወደ ብር የሚቀየር ከሆነ እኛም አገር ከሕዝብ ተቀማጭ መሰብሰብ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። «ጨዋታ ነው» ማለት አያድንህም።

ቦታና ራንክ መሸጡን አትሽጥ አልልህም። እኔም ዛሬ እሸጣለሁ። ግን አሠራሬን የወሰድኩት ከእናቴ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ውስጥ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል። ዋስ የሚጠራው ሰውየው ስለሚጠረጠር አይደለም፣ ሰው ሁሉ ሊቸገር ስለሚችል ነው። አሁን የሰርቨሩ አድሚን እኔ ነኝ፣ ገንዘቡ ግን በእኔ ቴሌብር አይገባም። የሚገባው ጸሐፊያችን ጋ ነው፤ የአንዱ ልጅ ታላቅ ወንድም ነው፣ አስተማሪ። እሱ ሰርቨሩን መንካት አይችልም፣ እኔ ገንዘቡን መንካት አልችልም። በወር አንዴ ደብተሩን ለወላጆች እናነባለን። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አንተ ደግሞ ሌላ ክፍተት አለብህ። ሰርቨርህ ያለው በአክስትህ ልጅ ካርድ ላይ ነው። ካርዱ ቢዘጋ፣ ሥራ ቢለቅ፣ ብትጣሉ፣ 60 ልጅ በአንድ ሌሊት ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ኪራዩ አስቀድሞ ከተከፈለበት ጊዜ በላይ ገንዘብ አትቀበል። ሦስት ወር ተከፍሏል? የሦስት ወር ብቻ ሽጥ። «የዕድሜ ልክ ራንክ» የሚባለውን ነገር አትንካው። ሰርቨሩ ራሱ ዕድሜው ስንት እንደሆነ የማታውቅ ሰው የዕድሜ ልክ አትሸጥም። ትልልቆቹም ይዘጋሉ፤ ስንት ሕፃን ያደገበት ክለብ ፔንግዊን የተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ በ2017 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፣ ያውም የዲዝኒ ሆኖ።

የምትሸጠውን ምረጥ። የማይንክራፍት ባለቤቶች ሰርቨር ለሚያስተዳድሩ ሰዎች ደንብ አላቸው፣ አንብበው። መልክና ጌጥ መሸጥ ይቻላል። የከፈለው ልጅ ያልከፈለውን እንዲያሸንፍ የሚያደርግ ነገር መሸጥ ግን አይፈቀድም። ደንቡ ባይኖርም እንኳ አታድርገው። እኔ አንድ ሰሞን ጠንካራ ሰይፍ ሸጬ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የደሃው ልጅ መምጣት አቆመ፣ ቀጥሎ የሚያሸንፈው ሰው ያጣው ሀብታሙም ሰለቸው።

ልጅ ሲከፍልህ ወላጁ ጋ ደውል። በሕጋችን 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ለአካለ መጠን አልደረሰም፣ የገባው ውል ሊፈርስ ይችላል። ከሕጉ በፊት ግን እናትየው ገንዘቡ የት እንደሄደ ማወቅ አለባቸው። እኔ ከ50 ብር በላይ ከሆነ ሳልደውል አልቀበልም። አንዳንዱ ወላጅ ይቆጣል። አንዳንዱ ግን ራሱ ይመጣና ልጁ የሠራውን ያያል። አንድ አባት ልጃቸው የሠራውን ድልድይ አይተው «ቦርከና ላይ ቢሆን ጥሩ ነበር» ብለው ሲስቁ የልጁን ፊት ብታየው።

አንድ ያልጠየቅከኝን ነገርም ልጨምር። ሰርቨሩ ላይ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ጎበዝ፣ እርሻውን ሁሉ የምትመራው እሷ ነበረች። ሁለት ልጆች የትም ብትሄድ እየተከተሉ ቤቷን ያፈርሱባታል፣ አጸያፊ ነገር ይጽፉባታል። ነገረችኝ። «ተያቸው፣ ጨዋታ ነው» አልኳት። በሳምንቱ ቀረች። ኋላ ላይ ሳነብ ላምዳሙ በሚባል በጽሑፍ ብቻ የሚኖሩበት ዓለም ውስጥ በ1993 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ነበር። አንድ ሰው የሌሎችን ገጸ ባሕርይ በግፍ አዋረደ። ከተበዳዮቹ አንዷ ከስክሪኑ ማዶ ሆና በእውነት አለቀሰች። ነዋሪው ተሰብስቦ ምን እናድርግ ብሎ ተከራከረ፣ ሳይስማሙ ተበተኑ፣ በመጨረሻ አንዱ አስተዳዳሪ ብቻውን ወስኖ አባረረው። ከዚያ ነው አቤቱታ የሚቀርብበትና ድምፅ የሚሰጥበት ሥርዓት ያበጁት።

እኔ ብቻዬን የምወስን መሆን አልፈለግኩም። ወሎ ውስጥ ሰው ሲጣላ አባጋሮች መሃል ይገባሉ አይደል? እኛም ከልጆቹ ሦስት መርጠናል፣ አንዷ ሴት ናት። በዳይና ተበዳይ ጌም ቤቱ ውስጥ ወንበር ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ስክሪን ጠፍቶ። ቤት ያፈረሰ ልጅ ይቅርታ ይጠይቅና ያፈረሰውን በእጁ ይሠራል። ስድብ ከሆነ፣ በተለይ በሃይማኖትና በብሔር ከሆነ፣ ለአንድ ወር አይገባም፣ የከፈለው ቀሪ ገንዘብም ይመለስለታል። ገንዘቡን የምንመልሰው «ስለከፈልኩ አታባርሩኝም» የሚል ሰው እንዳይኖር ነው። ያቺ ልጅ ግን አልተመለሰችም። ሁለት ጊዜ መልእክት ልኬላታለሁ።

ባክአፑን ሳልረሳ። ሁለት ቦታ ይኑር፣ አንዱ ከሰርቨሩ ውጭ፣ ሌላ ሰው ቤት። በወር አንዴ ከባክአፑ ላይ አስነስተህ ሞክረው፣ ሳትሞክረው አለ ብለህ አትመን። የእኛን ሁለተኛውን ኮፒ የሚይዘው የሆጤው ልጅ ነው። ዘንድሮ 15 ዓመቱ ነው። እሑድ እሑድ ሃርድ ዲስኩን በእናቱ የሽሮ ላስቲክ ጠቅልሎ ያመጣል፣ ይገለብጣል፣ ይዞት ይሄዳል። አዳራሹን እንደገና ጀምሮታል፣ መስኮቶቹ አልቀዋል፣ ጣሪያው ይቀረዋል።

የአክስትህ ልጅ እስከ መቼ እንደከፈለ ዛሬውኑ ጠይቀውና እዚህ ጻፍልኝ። የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ከመጣህ ደግሞ ደብተሩን አሳይሃለሁ፣ ኮፒ አድርገህ ትወስደዋለህ።